ፖስትማስተር

መጀመሪያ የተሰጠኝ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነበር። በአማርኛ የተተየበ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አርባ አንድ ስም። ለእያንዳንዱ ሰው የኢሜይል አድራሻ ክፈቺ ተባልኩ። ጊዜው 1990 መጨረሻ ላይ ነው። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 አጋማሽ ስለሆነ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ሲስተም አድሚኒስትሬተር» ይላል። ሰው ግን «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነበር የሚለኝ። ደስ ይለኝ ነበር።

አርባ አንዱን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ነበረብኝ። የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ጀመርኩት። «ፀ»ን አንዱ በቲ እና በኤስ ይጽፈዋል። ሌላው በቲ እና በዜድ። ሌላው ቲውን ትቶ በኤስ ብቻ። «ቀ» በኬ ነው በኪው? «ኃይለ» መሃሉ ላይ አይ ነው ዋይ? አንዱ ሰው በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በዲፕሎማው ሌላ ዓይነት፣ በባንክ ደብተሩ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

ውጭ አገር ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ደንብ ልኮልን ነበር። ከመጀመሪያው ስም አንድ ፊደል ተወስዶ የመጨረሻው ስም ይከተል ይላል። የእኛ የመጨረሻ ስም የአባት ስም መሆኑን ያሰበ የለም። በዚያ ደንብ ብንሄድ ሰዉን ሁሉ በአባቱ ልንጠራው ነው። አንድ ሾፌራችን ሲሰሙ «እኔ እያለሁ አባቴን ለምን ትጠሩታላችሁ? ነፍሱን ይማረውና አርፏል እኮ» አሉኝ። ያን ቀን ወሰንኩ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይጠራል አልኩ። ሁለት ሰው አንድ ስም ካለው፣ ዘግይቶ የተቀጠረው የአባቱን የመጀመሪያ ፊደል ይጨምራል። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ጠየቀኝ። ሁለቴ መለስኩ። ከዚያ ተዉኝ። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ በዚህኛው እኮራለሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ «ስምዎን እንዴት ይጽፉታል?» አልኩ። ሒሳብ ሹማችን ዘንድ ስደርስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። እትዬ ነው የምንላቸው፣ ሁላችንም። ስማቸው በ«ፀ» ይጀምራል። «ፊደሉ የእኛ አይደል ልጄ፣ እንደመሰለሽ አድርጊው» አሉኝ። እንደመሰለኝ አደረግኩት። በቲ እና በኤስ።

ዛሬ ኢንተርኔት ሲባል ሁልጊዜ የተከፈተ ነገር ይመስላል። የእኛ ሰርቨር፣ የሁላችንንም ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ኮምፒውተር፣ በቀን አራት ጊዜ ነበር የሚደውለው። ስልኩ በደቂቃ ይቆጥራል። ጠዋት 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 10 ሰዓት እና ማታ። ደውሎ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ያመጣል፣ ያለንን ይሰጣል፣ ይዘጋል። ማሽኑ 486 የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ጭኜበታለሁ። ያኔ አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘችበት መስመር ሲጀመር 256 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነበር። ለአገሩ ሁሉ ማለት ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሠርተዋል። ቴሌ ሳይጀምር፣ ከስታዲየም ከፍ ብሎ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል፣ የሰውን ኢሜይል ሰብስቦ በስልክ መስመር ወደ ለንደን እየደወለ ይልክ ነበር። ሥራውን የተማርኩት እዚያ ካለፉ ሰዎች ነው። ትዕግሥቱንም።

ክረምት ሲገባ መስመሩ ውኃ ይገባዋል። ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ሞደም ይጮኻል፣ ይንጫጫል፣ ልክ ሊገናኝ ሲል ይቋረጣል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቢሮው ውስጥ የተዘረጋው ኬብል ደግሞ አንድ ወጥ ነው። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ያልፋል፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ተርሚኔተር የሚባል መዝጊያ ይገጠማል። አንዷ ጫፍ ከላላች አርባው ሰው ሥራ ይፈታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ስታንቀሳቅስ ልቤ ይንቀሳቀስ ነበር።

ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ፖስትማስተር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብ፣ ደብዳቤ የሚቀበል ቦታ ሁሉ «ፖስትማስተር» የሚባል አንድ ሳጥን እንዲኖረው ያዛል። የሚያውቁት ሰው እንኳ ባይኖር፣ ለዚያ ስም ከጻፉ የሚያነብ ሰው አለ ማለት ነው። በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰርቨሩንም ስሙ ያልታወቀ ደብዳቤ ሁሉ ወደዚያ ሳጥን እንዲጥል አድርጌ ነበር የሠራሁት፤ እንዳይጠፋ ብዬ።

በመስኮቴ ፖስታ ቤቱ ይታየኛል። ሰው ቁልፉን ይዞ ይመጣል፣ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ባዶ ከሆነም እጁን ሰዶ ዳብሶ ይሄዳል። ያኔ እኛ አገር ፖስታው እስከ ሰው ቤት አይመጣም ነበር፣ ሰው ነበር ወደ ፖስታው የሚሄደው። የእኔም ሳጥን ከዚያ የተለየ አልመስል አለኝ። ልዩነቱ የሁሉም ቁልፍ እኔ ጋ መሆኑ ነው። ይህ ነገር ይከብደኝ ነበር። የማንንም ደብዳቤ መክፈት እችላለሁ፤ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ስሙ ተሳስቶ የመጣ ደብዳቤ ሲኖር መጀመሪያ አድራሻውን አያለሁ። ከዚያ የላኪውን ስም። አሁንም ካልገባኝ የመጀመሪያውን መስመር። የማን እንደሆነ እንዳወቅኩ አቆማለሁ። ብዙውን ጊዜ ያ ይበቃል። «ሰላም አቤ» ካለ የአበበ ነው፣ ፕሮፎርማ ከሆነ የግዥ ክፍል ነው። የዲቪ ወሬ የሁሉም ነው።

ያኔ አማርኛ በአማርኛ ፊደል አይላክም ነበር። ፎንቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም የራሱ ኮድ አለው። የላኪው ፎንት ተቀባዩ ጋ ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በየኮምፒውተሩ እስኪደርስ ደግሞ ስንት ዓመት ፈጀ። እናም ሰው አማርኛውን በላቲን ይጽፋል። ጮክ ብለህ ካላነበብከው አይገባህም። የሰው ደብዳቤ ደግሞ ጮክ ተብሎ አይነበብም።

ሐምሌ 1991፣ ረቡዕ ቀን፣ የ10 ሰዓቱ ጥሪ። ዝናብ ነበር። ሞደሙ በአምስተኛው ሙከራ ተገናኘ። ፖስትማስተር ሳጥን ውስጥ አንድ ደብዳቤ ወደቀች። ከዋሽንግተን ናት። ስሙ በኤስ ብቻ ይጀምራል። በ«ሰ» የሚጀምር ስም ያላት ሌላ ልጅ ነበረችን፣ የእሷ ሊሆን ይችላል። የእትዬም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መስመር «አክስቴ» ብቻ ይላል። ቀጠልኩ።

«አባዬ ትናንት ማታ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።»

የእትዬ ታላቅ ወንድም ዋሽንግተን ታመው ተኝተው እንደነበር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አረፈ፣ አረፈ፣ አረፈ። ሕመሙ ለቀቅ አድርጎት ትንሽ ዐይኑን ከደነ ማለት ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ሕጌን አፍርሼ የሚቀጥለውን መስመር ያነበብኩት ለዚያ ነው። «ቀብሩ ቅዳሜ ነው» ይላል።

ልጅቷን አልወቅሳትም። እዚያ ያደገች ናት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን ያሳያታል? መርዶ በስልክ አይነገርም። ለብቻ ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ማታም አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ መኖር አለበት። እኔ ደግሞ በእጄ የያዝኩት ደብዳቤ አንድ ትእዛዝ ብጽፍ ወደ እትዬ ሳጥን ይገባል። በኮሪደሩ ማዶ፣ ደረሰኝ ከምረው በተቀመጡበት፣ ስክሪናቸው ላይ ይወጣል።

ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ደብዳቤ ማድረስ ነው ሥራዬ። ያመንኩበት ነገር ነው። የሰውን ደብዳቤ ማዘግየት ትክክል አይደለም፤ ዛሬም ትክክል ነው አልልም።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን ደርበው፣ ሊወጡ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ከዋሽንግተን የመጣ ነገር አለ?»

«ሳጥንዎ ባዶ ነው እትዬ።»

ሳጥናቸው በእርግጥ ባዶ ነበር። ያን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እሳቸው ሲወጡ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረድኩ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ከእትዬ ጋር የአንድ እድር ሰዎች ናቸው፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር። ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም አሉ።

«ሌላ ማን አወቀ?»

«እኔ ብቻ።»

«በይ፣ ዛሬን በልተው ተኝተው ይደሩ። መርዶውን ለእኛ ተዪው። የደብዳቤሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ።»

ደብዳቤዋን ከሳጥኔ አውጥቼ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ቤት ስገባ እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። እትዬ ተኝተው ይሆናል፣ ወንድማቸውም በሕይወት አለ፣ እሳቸው ዘንድ። አንድ ሰው የሞተባትን ሴት፣ እሷ ሳታውቅ፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ አወቅሁባት።

ሐሙስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዶሮ ማነቂያ ደረስኩ። ጋሼ፣ የንስሐ አባታቸው፣ የእድሩ ዳኛና ጎረቤቶች ጭቃው ላይ ቆመዋል። እትዬ በሩን ሲከፍቱ ማንም ቃል አልተነፈሰም። አያስፈልግም ነበር። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጃፍ ላይ ከቆመ ነገሩ ያው ነው። «ወንድሜን!» ብለው ሲጮኹ አራት ሰው ያዛቸው። ከሰዉ መሃል እኔን አዩኝ። ዐይናቸው ትንሽ ቆየብኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ገብቼ የሠራሁት ሥራ የስሞቹን ቅጽል መሙላት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ስሙ ሊጻፍ የሚችልበትን ሁሉ። ለእትዬ ብቻ ሰባት ዓይነት አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የፖስትማስተር ሳጥን ጸጥ አለ። ለሰርቨሩ ትክክለኛው ሥራ ይኸው ነው። ነገር ግን ያን ሰነድ ዘግቼ ስነሳ አንድ ነገር ታወቀኝ። ያን ረቡዕ ደብዳቤዋ በእኔ በኩል የመጣችው ስሙ ስለተሳሳተ ነው። አሁን አይሳሳትም። የሚቀጥለው መርዶ ማንም ሳይነካው፣ በቀጥታ፣ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው ይገባል። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰርቨር ስጠብቅ ይህን ሐሳብ አስቀምጬው አላውቅም። ዛሬ በቴሌግራም የሞት ወሬ ከፎቶ ጋር ሲመጣ፣ በታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን አይታ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው ሳምንት ከፖስታ ቤት ተነስቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። የእትዬ በር የነበረበትን ለመለየት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ሰፊ መንገድ፣ አዲስ መብራት፣ አዲስ ዛፍ ነው።

ያን ጊዜ፣ ከመርዶው አሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ እትዬ ሥራ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል። ደብዳቤዋን ያን ጠዋት ሳጥናቸው ውስጥ አስገብቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና «ይችን ከነራስጌዋ አትሚልኝ» አሉኝ። አተምኩላቸው። ኢሜይል ያለፈበትን ደጅ ሁሉ አናቱ ላይ ይመዘግባል፣ ከነሰዓቱ። ሰው አያየውም። እሳቸው ግን የሒሳብ ሰው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶአቸውን አንስተው መስመሩን እየተከተሉ ወረዱ። ሰርቨራችን የደረሰችበትን አሰመሩ፤ ረቡዕ፣ 16:12፣ በእኛ 10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ከዚያ እሳቸው ሳጥን የገባችበትን አሰመሩ። ሁለቱን መስመር ለረጅም ጊዜ አዩ።

በየጠዋቱ ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ የሚሉኝን ቃል ነው ያሉኝ። ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው፣ መልስ ፈልገው።

«ያን ሌሊት እንዴት አደርሽ?»

«አልተኛሁም እትዬ።»

ወረቀቱን አራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወንበር ሳቡልኝ፣ ተቀመጥኩ።