አቮካዶን በሸክላ አፈር ላይ ስትተክሉ ጉድጓድ አትቆፍሩ

የአቮካዶ እርሻ ለመጀመር ከሚያስፈልጉት ሥራዎች አብዛኞቹ ከባድ አይደሉም። ቦታው ውርጭ የማይደፍረውና ከኃይለኛ ነፋስ የተጠለለ መሆን አለበት። ችግኙ ከፍሬ የበቀለ ሳይሆን የተዳቀለ፣ ማለትም የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ሥር ላይ የተጣበቀበት ይሁን። ሀስ የተባለው ዝርያ ብቻውንም ያፈራል፤ ሆኖም የሀስ አበባ ጠዋት በሴትነት ተከፍቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በወንድነት ስለሚከፈት፣ ፉዌርቴ የሚባለው የሌላ ዝርያ አበባ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በሴትነት፣ በማግስቱ ጠዋት በወንድነት ስለሚከፈት፣ አንዱ ለሌላው የአበባ ብናኝ እንዲሰጥ በየመካከሉ ጥቂት የፉዌርቴ ዛፎችን ማስገባት ይጠቅማል። የወጣት ዛፍ ግንድ በፀሐይ እንዳይቃጠል ኖራ ይቀባል። እነዚህን ሁሉ ያለ ችግር ስለ ፈጸምሁ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ልጽፍበት የተነሣሁት ስለ ጉድጓዱ ነው።

የእኔ መሬት የሸክላ አፈር ነው። ከመትከሌ በፊት በየአቅጣጫው ጉድጓድ ቆፍሬ ውኃ ሞላሁበት፤ ሲሠርግ ደግሜ ሞላሁና በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለካሁ። ውኃው በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሚወርድበት መሬት በደንብ የማይጠነፍፍ ስለሆነ ለአቮካዶ አይታመንም። የእኔ ጉድጓድ ግን በማግስቱ ጠዋትም ውኃ አቍሮ ነበር። ስለዚህ ዛፎቹን በተከመረ አፈር ላይ ከፍ አድርጌ ለመትከል ወሰንሁ።

ችግኞቹ የሚሰጡት ግን በድጋፍ መርሐ ግብር ነበርና፣ የመርሐ ግብሩ ባለሙያ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ካልተቆፈረና ግማሹ በፍግ ካልተሞላ አልፈርምም አለ። እርሱን ወስጄ በጉድጓዱ ያቆረውን ውኃ አሳየሁት። «መመሪያው ለሁሉም አፈር አንድ ነው» ብሎ የመለኪያ ዘንጉን ወደ ሚቀጥለው ጉድጓድ ይዞ ሄደ። አንድ መመሪያ ለአሸዋም ለሸክላም እኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ባለሙያ ወደ ማሳ መላኩ ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም። አማራጭ አጥቼ እርሱ እንዳለው ቆፍሬ ተከልሁ፤ በላይኛው ዳርቻ ግን አለቱ ቅርብ ስለሆነ ዶማ አልገባ አለ፤ በዚያ መስመር የላዩን አፈር እየከመርሁ ችግኞቹን በጉብታ ላይ ተከልሁ። እርሱም መስመሩን «ከደረጃ በታች» ብሎ መዘገበው፤ የእነዚያ ችግኞች ዋጋም ከድጋፉ ተቀንሶ በእኔ ላይ ወደቀ።

በሸክላ አፈር ውስጥ የተቆፈረና በለስላሳ አፈርና ፍግ የተሞላ ጉድጓድ ከገንዳ አይለይም፤ ዝናቡ በቀላሉ ይገባበታል፣ ግድግዳው ግን አያስወጣውም። ፍጉም እየበሰበሰ ሲሄድ መጠኑ ስለሚቀንስ ችግኙ አብሮ ይሰምጣል፤ ግንዱ ከዙሪያው መሬት ዝቅ ይልና የአካባቢው ጎርፍ ወደ እርሱ ይወርዳል። አንዳንዶች ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር መደልደልን ይመክራሉ። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም፤ ምክንያቱም ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ደቃቁ አፈር እስኪጠግብ ድረስ ከተሞላ በኋላ ነው።

ለብዙ ዛፎች ይህ ጊዜያዊ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ለአቮካዶ ግን ሞት ነው። ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቹ በአብዛኛው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ የሚገኙ፣ የሥር ፀጉራቸው እጅግ ጥቂት የሆነና አየር ሲያጡ ቶሎ የሚታፈኑ ናቸው። በዚህ ላይ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባለው ተሕዋስ ይጨመራል። ይህ ተሕዋስ ፈንገስ ቢመስልም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ አፈሩ በውኃ ሲጠግብ የሚዋኙ ዘሮችን ይለቅቃል፣ ዘሮቹም ቀጫጭኖቹን ሥሮች ፈልገው ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 በሱማትራ ደሴት በቀረፋ ዛፍ ላይ ከተገለጸበት ጊዜ ወዲህ በብዙ ሞቃታማ አገሮች ታውቋል። ሩዶልፍ ሀስ በካሊፎርኒያ አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የመጀመሪያው የሀስ ዛፍ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተው በዚሁ የሥር መበስበስ ነው።

ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ በጉድጓድ የተተከሉት ዛፎች ቅጠል ፈዘዘ፣ አነሰ፣ በእኩለ ቀን ጠወለገ። ቅርንጫፎቹ ከጫፍ ጀምረው መድረቅ ያዙ። ባለሙያው ተጠርቶ ሲመጣ አፈሩን በእጁ ሳይነካ የውኃ እጥረትና የናይትሮጅን ማነስ ነው ብሎ ጽፎ፣ ውኃና ማዳበሪያ እንድጨምር አዘዘ። ይህ ስሕተት ብዙ ዛፍ ስለሚያስገድል አጥብቄ እናገራለሁ፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ ሥሩ መጠጣት አቁሟል ማለት ነው፤ የምትጨምሩት ውኃም በሽታውን ብቻ ይመግባል። አንድ ዛፍ ዙሪያውን ቀስ ብዬ ስፈትሽ፣ ነጭ መሆን የነበረባቸው ቀጫጭን ሥሮች ጠቁረው በጣት ሲነኩ ይሰባበሩ ነበር። የቤተ ሙከራው ውጤት የመጣው ዛፎቹ ከሞቱ በኋላ ቢሆንም ጥርጣሬዬን አረጋገጠ። ተሕዋሱ በጫማና በአካፋ ላይ በሚቀር ጭቃ እንደሚጓዝ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ይህን ካነበብሁ ጀምሮ ማንም ባለሙያ ጫማውን ሳያጸዳ ከአጥሬ አያልፍም፤ ስለዚህ ነገር ደጋግመው ቢቀየሙኝም።

ከደረጃ በታች የተባለው የላይኛው መስመር ግን አንድም ዛፍ አልሞተበትም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው፤ የተቀነሰብኝ ገንዘብም እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

የቀሩትን የታመሙ ዛፎች ለማዳን ፖታሲየም ፎስፎኔት የሚባል ፈሳሽ መድኃኒት በግንዳቸው ወጋሁ። መድኃኒቱ ጊዜውን ካልጠበቀ ይባክናል፤ አዲስ ቡቃያ እየወጣ እያለ ከተወጋ ወደ ቡቃያው ይሄዳል፤ ቅጠሉ ጠንክሮ ሲያበቃ ግን የዛፉ ምግብ ወደ ሥር ስለሚወርድ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። ከግማሽ በላይ ቅጠላቸው የረገፈባቸው አልተረፉም፤ ቀደም ብዬ የደረስሁባቸው አገግመዋል። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ከአፈር አያጠፋውም፤ ለዓመታት እዚያው መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ ሕክምናው መደጋገሙ አይቀርም።

አሁን የምተክለው እንዲህ ነው። ከታች ያለውን ሸክላ አልነካም፤ የላዩን አፈር ከመስመሮቹ መካከል እየገፋሁ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ከላይ ሰፋ ያለ መደብ እሠራለሁ፤ መስመሩን ውኃ ወደሚወርድበት አቅጣጫ በጥቂቱ አዘነብለዋለሁ። መደቡ ጠባብ ከሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ጎኑም ይናዳል። ፍግ ወደ ሥር አላስገባም፤ በተለይ በትኩስ ፍግ ውስጥ ያለው ጨው አቮካዶን ያቃጥለዋል። በምትኩ የተቆራረጠ ቅርንጫፍና የእንጨት ስብርባሪ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጌ ከላይ እጎዘጉዛለሁ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው ራቅ አደርገዋለሁ። ጉዝጓዙ ሲበሰብስ በውስጡ የሚባዙት ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን ፋይቶፍቶራን ይጫኑታል። መመሪያው የሚያዘውን ግንዱን የከበበ የውኃ ማቆሪያም አልሠራም፤ የጠብታ መስኖውን ከግንዱ አርቄ ከመክፈቴ በፊትም ጣቴን አፈር ውስጥ ሰድጄ እርጥበቱን አያለሁ። ችግኝ ስገዛ ስለ ላይኛው ዝርያ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥረኛውም እጠይቃለሁ፤ ዱሳን የመሰሉ በሽታውን የሚቋቋሙ ሩትስቶኮች (ላይኛው ዝርያ የሚጣበቅባቸው ሥረኞች) አሉና፣ ሻጩ የሥሩን ዝርያ ማወቅ ካልቻለ አልገዛውም። ይሁንና የሚቋቋም ሩትስቶክ ማለት የማይታመም ማለት ስላልሆነ መደቡን አያስቀርም።

ዛፎቹ በሞቱባቸው ጉድጓዶች ላይ አቮካዶ መልሼ አልተከልሁም፤ ተሕዋሱ እዚያው ተቀምጧል። ብርቱካንን ይህ የፋይቶፍቶራ ዝርያ ስለማያጠቃው ቦታውን ለእርሱ ሰጥቻለሁ፤ እርሱም የራሱ ፋይቶፍቶራዎች ስላሉበት፣ ጉድጓዶቹን በሙሉ ደፍኜ በመደብ ላይ ነው የተከልሁት።