የላሟን ጡት ያሳመመው ማን ነው?

ወተቱን ሲያዩት ምንም አይልም። ነጭ ነው፣ አልተቋጠረም። እማማ ግን «ወተቷ ቀንሶብኛል ልጄ፣ እስቲ እያት» አሉኝ። ቢሾፍቱ ዳር ሁለት ዲቃላ ላሞች አሏቸው።

ባለ አራት ጉድጓድ ሳህን ይዤ ከእያንዳንዱ ጡት ትንሽ ትንሽ አለብኩ። የታመመ ጡት ወተትን የሚለየውን የሲኤምቲ ፈሳሽ ጨምሬ ሳሽከረክረው ሦስቱ እንዳሉ ቀሩ። የቀኝ የኋላው ግን እንደ ተልባ ተዝለገለገ። የሁለተኛዋም ላም አንድ ጡት እንደዚያው ሆነ። ድብቅ የጡት በሽታ ይሄ ነው። ምርመራው ጡቱ መታመሙን ይነግራል፤ ማን እንዳሳመመው ግን አይነግርም።

የመጀመሪያውን ናሙና የወሰድኩት ተጣድፌ ነው። በማግስቱ ናሙናውን የዘራሁበትን ብለድ አጋር (ደም የገባበት የባክቴሪያ ማብቀያ) ስከፍተው አራት ዓይነት ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምር፣ በቅሎበታል። ከአንድ ጡት ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ከበቀለ ናሙናው ተበክሏል ማለት ነው። ላጠራው አሰብኩ፣ ግን ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ጣልኩትና ተመልሼ ሄድኩ። ስህተቱ የኔ መሆኑንም ለእማማ ነገርኳቸው።

ሁለተኛውን ቀስ አልኩ። ግቱን አድርቄ የጡቶቹን ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል ጠረግኩ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ጥጥ። ሲጠረግ ከራቀው ጡት ይጀመራል፤ ናሙና ሲወሰድ ደግሞ ከቅርቡ። አለዚያ ክንዳችን የጠረግነውን መልሶ ያቆሽሸዋል። መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት ደፍቼ፣ ጠርሙሱን አጋድሜ ተቀበልኩ። በበረዶ ሳጥን ወደ ላቦራቶሪ።

በ37 ዲግሪ አደረ። የመጀመሪያዋ ላም ፕሌት ላይ አንድ ዓይነት ኮሎኒ ብቻ፣ ወርቃማ፣ ዙሪያውን ደሙን ያሟሟ። በግራም ስቴይን ቀልሜ በማይክሮስኮፕ ሳየው ሐምራዊ ክብ ክብ ሴሎች እንደ ወይን ዘለላ ተከማችተዋል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሳደርግበትም አረፋ አወጣ፤ ካታላዝ የሚባለው ኢንዛይም አለው ማለት ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው።

የሁለተኛዋ ግን ግራ አጋባኝ። በማይክሮስኮፕ አጭር አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሳደርግበት ግን አረፋ አለው። ሰንሰለት የሚሠራው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ደግሞ አረፋ አያወጣም። የቱን ልመን? ጥፋቱ ስንጥሬ ላይ ነበር። ኮሎኒውን ስጭር ደም ያለበትን አጋር አብሬ ጭሬዋለሁ፤ ቀይ የደም ሴል ራሱ ካታላዝ አለው። የኮሎኒውን አናት ብቻ ነክቼ ስደግመው ጭጭ አለ። ሰንሰለቱ ልክ ነበር።

ወደ ወርቃማው ተመለስኩ። ከጥንቸል ፕላዝማ (ከደም ከሚለየው ፈሳሽ) ጋር ቀላቅዬ አስቀመጥኩትና በአራተኛው ሰዓት ቱቦውን ሳዘነብለው እንደ እርጎ ረግቷል። በየሰዓቱ ማየት ደግ ነው። አንዳንዱ ከረጋ በኋላ መልሶ ይሟሟል፤ በማግስቱ ብቻ ያየ ሰው «አልረጋም» ብሎ ይጽፋል። ጨውና ማኒቶል የሚባል ስኳር ያለበት ማኒቶል ሶልት አጋሩም ከቀይ ወደ ቢጫ ተቀየረ። እዚህ ላይ «አውሬስ»፣ ፕላዝማ የሚያረጋው ስታፊሎኮከስ፣ ብሎ መዝጋት ያጓጓል። ከእንስሳት ከሚገኙት ውስጥ ግን ስታፊሎኮከስ ኢንተርሚዲየስም ፕላዝማ ያረጋል። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየውን የቪፒ ምርመራ ጨመርኩ፤ አውሬስ ከሆነ ይቀላል። ቀላ። አሁን ስታፊሎኮከስ አውሬስ ብዬ ጻፍኩ።

ስሙ ለእማማ የጠቀማቸው አስተላለባቸው ላይ ነው። አውሬስ ከጡት ወደ ጡት የሚሄደው በአላቢ እጅና በጋራ ጨርቅ ነው። «አውሬስ ያለባትን ላም መጨረሻ ላይ ይለቧት፤ ጨርቃቸውንም ይለዩ» አልኳቸው።

እማማ በረቱ በር ላይ ወደተሰቀለችው ጨርቅ ዞር አሉ። «ሁለቱንም በዚችው እኮ ነበር የምጠርጋቸው» አሉኝ።