ፊውዥን የሚጀምረው ከቤዙ ነው

ክራር ከኤሌክትሪክ ቤዝ ጋር የተጫወተበት ምሽት ሁሉ ፖስተሩ ላይ «ፊውዥን» ተብሎ ይለጠፋል። ቅልቅሉን እወደዋለሁ፤ እንጀራዬንም የምበላው በዚሁ ነው። ግን ቤዝ የማስተምራቸው ልጆች «ጋሼ፣ ፊውዥን ጃዝ የሚባለው ምኑ ነው የሚለየው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሁለት ነገር ሲቀላቀል ነው» ብዬ አላልፋቸውም። ጃዝ ከጥንቱም ቅልቅል ነው። ብሉዝ አለበት፣ የማርሽ ባንድ አለበት፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አለበት።

እኔ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ፊውዥንን የለየው የመሣሪያው ኤሌክትሪክ መሆን አይደለም፤ የጊታር ጩኸትም፣ የጣት ፍጥነትም አይደለም። ምቱ ነው። ቤዙና ድራሙ ሥራቸውን ቀየሩ፣ ሌላው ተከተለ።

በስዊንግ፣ ማለትም በቀድሞው የጃዝ ምት ጊዜ፣ ድራመሩ ራይዱ (ትልቁ የናስ ሳህን) ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ምት ሦስት ቦታ እየከፈለ ይጫወታል። ቺክቺካ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ቤዙ ደግሞ በየሜዠሩ (በየአራት ምቱ) አራት ኖታ እየረገጠ ኮርዶቹን (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) ተከትሎ ይጓዛል፤ «ዎኪንግ» የምንለው ነው። ፊውዥን ላይ ግን ምቱ ከሮክና ከፈንክ መጣና እኩል ለእኩል ተከፈለ። ቤዙም ጉዞውን ትቶ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ እሷኑ ይመላለስባት ጀመር። በዘፈናችን አውራጁ ግጥም እየለዋወጠ ሲያወርድ ተቀባዮቹ ያችኑ አዝማች እንደሚመልሱ፣ ቤዙ ተቀባይ ሆነ። ኮርዱም አነሰ፤ አንዳንዴ አንድ ብቻ ይቀራል። ከላይ ያሉት ተጫዋቾች ግን ጃዝነታቸውን አልለቀቁም። እየተደማመጡ፣ የሚጫወቱትን እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ ይቀጥላሉ። ሐረጉ ኖሮ ይህ ፈጠራ ከሌለ ፈንክ ነው፣ ጥሩ ፈንክም ሊሆን ይችላል። ፈጠራው ኖሮ ምቱ ስዊንግ ከሆነ የቀድሞው ጃዝ ነው።

ለውጡ በጆሮ የሚያዝበት አንድ ሸክላ አለ፦ ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1969 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ቀን የቀዳው «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ»። የመጀመሪያውን ገጽ ስትከፍቱ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ቶኒ ዊሊያምስን ብቻ ስሙት። ቶኒ በ17 ዓመቱ ማይልስ ባንድ የገባ፣ ምቱን ሰባብሮ መልሶ በመግጠም የታወቀ ድራመር ነው። እዚህ ግን ሃይ ሃቱን (በእግር የሚገጠሙትን ጥንድ ሳህኖች) ይዞ ሺክ ሺክ ሺክ እያለ፣ እኩል እኩል፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ራሱን ገትቶ ይቀመጣል። ያን ያህል ችሎታ ያለው ሰው ያን ያህል ሲቆጠብ መስማት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከሥሩ ዴቭ ሆላንድ ጥቂት ኖታዎችን ይደጋግማል። ልብ በሉ፣ ቤዙ ትልቁ የእንጨት ቤዝ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይደለም። ስልቱ ግን ተቀይሯል።

በዚያ ወለል ላይ ሦስት ኪቦርድ ይንሳፈፋል፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ቺክ ኮሪያና ጆ ዛዊኑል። ለአልበሙ ስሙን የሰጠውን ዜማ የደረሰው ዛዊኑል ሲሆን ብዙ ኮርድ ነበረው፤ ማይልስ ኮርዱን አራግፎ ዜማውን ብቻ አስቀረ። ጊታሪስቱን ጆን ማክላክሊንን ደግሞ ጊታር መጫወት እንደማይችል ሰው ሆነህ ተጫወት አለው፤ ይህን ማክላክሊን ራሱ የሚያወራው ነው። ከዚያ ፕሮዲዩሰሩ ቴዎ ማሴሮ ቴፑን ቆርጦ፣ መጀመሪያ ላይ የሰማነውን ቁራጭ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀጠለው። ስቱዲዮው ራሱ አንድ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ክፍል የወጡት ሰዎች ናቸው ኋላ የየራሳቸውን ባንድ መሥርተው ስልቱን የተከፋፈሉት። ቶኒ ላይፍታይምን፣ ማክላክሊን ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን፣ ኮሪያ ሪተርን ቱ ፎሬቨርን፣ ዛዊኑልና ሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር ዌዘር ሪፖርትን አቋቋሙ። የማሃቪሽኑን ፍጥነት አከብራለሁ፤ ግን ብዙ ተከታይ ፍጥነቱን ብቻ ወስዶ መደማመጡን ጥሎት ሄደ። ፊውዥን ጩኸት ነው የሚል ስም ያተረፈው በዚህ ይመስለኛል።

ለተማሪዎቼ የማስቀድመው ሄርቢ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን «ኸድ ሃንተርስ» ነው። አልበሙ ላይ አንድም ጊታር የለም። የመጀመሪያውን ትራክ «ካሚሊየን»ን የሚከፍተው የቤዝ ሐረግ ከቤዝ ጊታር የወጣ አይደለም፤ ሃንኮክ አርፕ ኦዲሲ በተባለ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር ኪቦርድ) የተጫወተው ነው። ሁለት ኮርድ ብቻ፣ ቢ ፍላት ማይነርና ኢ ፍላት። ሐረጓ በግማሽ ድምፅ እየተንፏቀቀች ወጥታ ኮርዱ ላይ ታርፋለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ልጆቹ ወዲያው ይይዟታል። የሚከብዳቸው ሳይሰለቹ፣ ሳያስውቡ ይዞ መቆየት ነው። ከመሃሉ በኋላ ግሩቩ (የምቱ አካሄድ) ይቀየርና ሃንኮክ ሮድስ የተባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ ሶሎ ይጀምራል፤ ድራሙና ቤዙም እየተከተሉት ይላወሳሉ። ፈንክ ነው እያለ ሲከራከረኝ የቆየ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል።

የሙላቱ አስታጥቄ ሥራስ? ሙላቱ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ኒው ዮርክ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ስለሆነ የፊውዥን ተከታይ ሊባል አይችልም፤ ቀድሟል። ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነበር። እነ ማይልስ የነኩት ምቱን ነው፤ ሙላቱ የያዘው ቅኝቱን ነው፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርድና ከላቲን ምት ጋር ማስማማት። ስለዚህ ኢትዮ ጃዝን ፊውዥን ውስጥ መክተት ለእኔ ሥራውን ማሳነስ ነው። የራሱ ስም አለው።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ «ቢቸስ ብሩ» የተባለውን አልበም አቆዩት። ማይልስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1969 በሦስት ቀን የቀዳው ነው፤ ሁለት ቤዝና ከአንድ በላይ ድራም አብረው ስለሚሄዱ ላልለመደው ጥቅጥቅ ይልበታል። ከ«ኸድ ሃንተርስ» በኋላ ስትመለሱበት ቤኒ ሞፒንን ፈልጉት። ባስ ክላሪኔት ይዞ ከሥር የሚያጉረመርመው እሱ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከሄርቢ ጋር ሳክስፎን የሚነፋውም እሱው ነው።