ረመጥ ውስጥ የሚበስለው የማራኬሽ ታንጂያ

ስለ ሞሮኮ ምግብ ሲነሳ ሁሉም ሰው ታጂንና ኩስኩስ ይላል። ኩስኩስማ በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እኔን ግን ምራቄን የሚያስውጠኝ የሞሮኮዋ ከተማ የማራኬሽ ታንጂያ ነው።

ታንጂያ እንስራ የሚመስል የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ምግቡም በዚያው ስም ይጠራል። የበሬ ወይም የበግ ቅልጥም በትልልቁ ይገባበታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ሳፍሮን፣ በጨው የተቀመጠ ሎሚ ይጨመራል። ከዚያ ስመን፣ ማለትም ጨው ገብቶበት የቆየ ቅቤ። ሽታው የኛን የበሰለ ቅቤ ቁጭ! የማሰሮው አፍ በወረቀት ተሸፍኖ በሲባጎ ይታሰራል።

በጣም የምወደው ግን የሚበስልበት ቦታ ነው። በየሰፈሩ ሐማም አለ፤ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት። ውሃው የሚሞቀው በእንጨት እሳት ነው። እሳቱን የሚጠብቀው ሰው ማሰሮዎቹን ረመጥ ውስጥ ይቀብራቸዋል፤ ለሰዓታት እዚያው ይቆያሉ። አንድ እሳት ሰፈሩን አጥቦ ሰፈሩን ያበላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ያስቀናኛል።

ታንጂያ በልማድ የወንዶች ሥራ ነው። የገበያው የእጅ ባለሙያዎች ማሰሮውን አስቀብረው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዕረፍት ቀናቸው ደግሞ ይዘውት ወደ አትክልት ስፍራ ይወጣሉ።

ሲደርስ ሥጋው ገና በጣት ሲነካ ከአጥንቱ ይለቃል። የሚበላው በዳቦ ነው። ሎሚው የቅባቱን ክብደት ያቀልለታል፤ ያለ እሱ ሁለተኛ ጉርሻ ይከብዳል። ማራኬሽ ከሄዳችሁ በጋዝ የበሰለውን እለፉትና ከረመጥ የወጣውን ጠይቁ።