የበቅሎ ጫኙ ቆሎ

«ምናልባት በእናንተ አገር ሰዓት አስልተኸው ይሆናል» አለኝ አለቃዬ። ቢሮ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

የእኛ ሰዓት ከስዊሶቹ በስድስት እንደሚለይ የነገርኩት እኔው ነኝ። ቡና ላይ፣ ለጨዋታ ብዬ። አንዳንድ ሰው ለጨዋታ የሰጠኸውን አስቀምጦ ይቆይና በሱ ይመታሃል። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው ሆን ብዬ በእኛው ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ማለት እኩለ ቀን ነው። ይመቸው።

ሥራዬ ስዊዘርላንድ ውስጥ ተራራ ለሚወጡ ቡድኖች የጉዞ ዕቅድ ማውጣት ነው። የሚወጡት ጋይዶቹ ናቸው። እኔ ካርታ ላይ መስመር አሰምራለሁ፣ ኪሎ ሜትርና ከፍታ እደምራለሁ፣ ማደሪያ እይዛለሁ። የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሰሜን ተራሮች ላይ ጋይድ ነበርኩ። አለቃችን ፎቶውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው የፊንስተራርሆርን ተራራ 4274 ሜትር ነው። ራስ ዳሸን ከ4500 ያልፋል። ይህንን ቢሮ ውስጥ አንሥቼ አላውቅም። አንድ ሁለቴ ካልሆነ።

ወደ ነገሩ። ስምንት ሰዎች በሐምሌ ከዩንግፍራውዮህ ባቡር ጣቢያ ተነሥተው፣ በአሌች የበረዶ ግግር ላይ ወርደው ኮንኮርዲያ ማደር ፈለጉ። ጣቢያው 3454 ሜትር ላይ ነው፤ ባቡሩ ከ1912 ጀምሮ እዚያ ድረስ ይወጣል። አሌች ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከአልፕስ ግግሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ኮንኮርዲያ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚወርዱት ግግሮች የሚገናኙበት ሜዳ ነው። ካርታ ላይ ስታየው ልጅ በእግሩ የሚያቋርጠው ይመስልሃል።

ሰዓት የምናሰላው በሙንተር ቀመር ነው። ቨርነር ሙንተር የሚባል የስዊስ ጋይድ ያወጣው ነው። ኪሎ ሜትሩን ትይዛለህ፤ በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ ትጨምራለህ፤ ሽቅብ ከሆነ ለአራት፣ ቁልቁል በእግር ከሆነ ለስድስት ታካፍላለህ። ስምንት ኪሎ ሜትር፣ 700 ሜትር ቁልቁል። 15 ለ6 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ተኩል። መጨረሻ ላይ ወደ ማደሪያው የሚያስወጣ የብረት ደረጃ አለ። ማደሪያው በ1877 መጀመሪያ ሲሠራ በረዶው ከሥሩ ብዙም አይርቅም ነበር። በረዶው እየቀለጠ ወረደ፤ ቤቱ ገደል ላይ ቀረ። ዛሬ ከ400 በላይ እርከን ነው። ለሱም ግማሽ ሰዓት ሰጠሁት። ድምር ሦስት ሰዓት።

በስድስት ሰዓት ይነሣሉ፣ በዘጠኝ ሰዓት ማደሪያው በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣሉ። እራት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ቆንጆ ዕቅድ። አሁንም ሳየው ያምረኛል።

ቡድኑን የሚመሩት ሽማግሌው ነበሩ። 60 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። እዚህ አገር ከ2000 ሜትር በላይ ሁሉም «አንተ» ይባባላል የሚል ወግ አለ። ቢሮአችን ሸለቆ ውስጥ ቢሆንም ወጉን አውርደውታል። እኔ ግን እሳቸውን «አንተ» ስል አፌ ይተሳሰርብኛል። በጀርመንኛ እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን እርስዎ ናቸው። አለቃዬን አንተ ለማለት ተቸግሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ስሌት ውስጥ ፀሐይዋ የት አለች?»

አልገባኝም። «ሰማዩ ይጠራል ተብሏል» አልኳቸው።

«ችግሩ እሱ አይደል?» አሉ።

በሐምሌ ሰማዩ ሲጠራ፣ እኩለ ቀን ላይ የላይኛው በረዶ ይላሽቃል። እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል። ታች፣ በረዶው ገላጣ በሆነበት፣ ስንጥቁን ታየዋለህ። ላይ ግን ስንጥቁ ተሸፍኗል፤ የምትሄደው በበረዶ ድልድይ ላይ ነው። ጠዋት የቻለህ ድልድይ ከሰዓት በኋላ ላይችልህ ይችላል። «የመጀመሪያውን ባቡር ይያዙ» አሉ።

አለቃችን ከወዲያ ጥግ ሆኖ ሰማ። ለመጀመሪያው ባቡር ደንበኞቹ አንድ ሌሊት ቀድመው ማደር አለባቸው። ዋጋ ይጨምራል። «ቀመሩ ሦስት ሰዓት ይላል፤ አለቀ» አለ። የእኔ ስሌት በዚያች ደቂቃ የሱ ሆነ። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ሽማግሌው አልተከራከሩትም። ወደ እኔ ዞሩ።

«እናንተ አገር ተራራ ላይ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በምን ታውቃላችሁ?»

«በቅሎ ጫኙን እንጠይቃለን።»

«ምን ይላል?»

«‹እዚች ናት› ይላል።»

«እዚች ስንት ሰዓት ነው?»

«ግማሽ ሰዓትም ይሆናል፣ ግማሽ ቀንም ይሆናል።»

ቢሮው ሳቀ። እሳቸው ያን ጊዜም አልሳቁም።

«ታዲያ አንተ በምን ትለየዋለህ?»

ይህንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለቱሪስት ስንት ዓመት «እዚች ናት»ን እንደ ቀልድ ሳወራ ኖሬ፣ ይህን የጠየቀ የለም። ትንሽ አሰብኩ።

«ቆሎውን አያለሁ» አልኳቸው። «‹እዚች ናት› እያለ ኪሱን ቆሎ ከሞላ፣ ግማሽ ቀን ነው። ባዶ ኪሱን ከተነሣ፣ እውነትም እዚች ናት።»

ቆሎን በጀርመንኛ ማስረዳት ሌላ ታሪክ ነው። የተቆላ ገብስ ስል አንዷ ባልደረባዬ ለበቅሎው መስሏት ነበር።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ነው» አሉ። እኔን ይሁን በቅሎ ጫኙን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የጉዞው ዕለት ትኬት ላቀብል ወደ ጣቢያ ሄድኩ። ሽማግሌው ቦርሳቸውን እየሸከፉ ነበር። ትልቁን ፔርሙዝ ከተቱ። ዳቦና አይብ ከተቱ። ቀጥለው የግንባር ባትሪ ከተቱ። ለሦስት ሰዓት መንገድ! ያውም በሐምሌ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን በማይጠፋበት አገር።

አየሁት። በደንብ ነው ያየሁት። ቆሎ መሆኑም ገባኝ። «መልካም መንገድ» ብዬ ተመለስኩ።

ማደሪያው ጋ ደውሎ «ሊያመሹ ይችላሉ፣ እራት አስቀሩላቸው» ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግን ከደወልኩ በራሴ ዕቅድ አላምንም ማለት ሊሆን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱ በጣም ያምር ነበር።

የደረሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ማንም አልተጎዳም። ጣቢያው ላይ ፎቶ ሲነሡ አንድ ሰዓት ሄደ። የአንዱ ደንበኛ ክራምፖን፣ ያ ጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ ለጫማው አልገጥም አለ። በረዶው ሽማግሌው እንዳሉት ላሽቋል። ዘጠኝ ሰው በገመድ ተያይዞ ሲሄድ አንዱ በሰመጠ ቁጥር ስምንቱ ይቆማሉ፤ ይህ በየትኛውም ማካፈል ውስጥ የለም። ሁለት ቦታ ድልድዩን አላመኑትም፣ ዞሩ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ደግሞ ጉልበት አልቋል። የማደሪያዋ ኃላፊ ተጨንቃ ቢሮ ደውላለች፤ እውነቷን ነው። እራቱ ተነሥቶ ነበር፤ እሷ ግን እንደገና አሙቃ አበላቻቸው።

ሽማግሌው በተመለሱ ቀን ነው እንግዲህ «በእናንተ አገር ሰዓት» የተባልኩት። ቀመሩ ተመልሶ የእኔ ሆነ።

መልሱ የመጣልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰሐን ሳጥብ ነው። በእኛ ሰዓት አስልቼው ቢሆንማ ጥሩ ነበር! «6 ሰዓት» ብዬ የጻፍኩትን እነሱ በራሳቸው ሰዓት ያነቡት ነበር። ማለዳ ተነሥተው የመጀመሪያውን ባቡር ይይዙ ነበር። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማን ይነገራል?

በዓመቱ የዕቅድ ቅጻችን ላይ አዲስ መስመር ተጨመረ፦ «መጠባበቂያ 2 ሰዓት»። አለቃችን በስብሰባ ላይ ከብዙ ዓመት ልምዱ ያመጣው መሆኑን አስረዳን። እኔም ማስታወሻ ያዝኩ። የመጀመሪያው ባቡር ግን ዛሬም «ደንበኛ ያሸሻል»።

ሙንተርን አልተውኩትም። ሰውዬው ራሱ መሬቱንም፣ የበረዶውንና የአየሩን ሁኔታም፣ አብሮህ የሚሄደውን ሰውም ደጋግመህ እይ ብሎ ያስተማረ ነው። እኛ ማካፈሉን ብቻ ወሰድንለት። አሁን ግን ዕቅድ ከማተሜ በፊት ጋይዶቹ ዕቃ የሚሸክፉበት ክፍል ጎራ እላለሁ። እስክሪብቶ የጠፋኝ መስዬ።

ሽማግሌው ነቅተውብኛል። ባለፈው ሳምንት ቀን ላይ መጥተው ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱ። የግንባር ባትሪውን አወጡ፣ የባትሪ ድንጋዩን ፈተሹ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ መልሰው ከተቱት። ደንግጬ የዕለቱን ዕቅድ አገላበጥኩ። ስማቸው የትም የለም።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ምሳ» አሉኝ። ቀጥለው በአማርኛ፣ እየተኮላተፉ፣ «እዚች ናት።»