ከሚዛን እስከ እገዳ ወቅት፦ የጣናን የዓሣ ምርት ቆጠራ የሠራሁበት መንገድ

ጣና ላይ ነጭ ዓሣ (በሐይቁ ብዙ ዝርያ ያለው፣ በሳይንሱ ላቤኦባርበስ የሚባለው) በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ ይከልከል? አስጋሪው «ዓሣው ሞልቷል» ይላል፣ ባለሙያው «እያለቀ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ክርክሩን የሚፈታው ከማራገፊያው፣ ማለትም ዓሣው ከጀልባ ከሚወርድበት ቦታ፣ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ግን በደንብ ካልተጠየቀ ክልከላውም አብሮ ይሳሳታል። በባሕር ዳር ዙሪያና በጉማራ ወንዝ አፍ ለሚራገፈው ዓሣ ያዘጋጀሁትን የምርት ቆጠራ አሠራር፣ የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች ጨምሬ እጽፋለሁ።

መነሻ ያደረግሁት የአሜሪካኖቹን የዳክዬ አደን ቆጠራ ነው። እዚያ ፈላሽ ወፎችን የሚያድን ሰው ፈቃድ ሲያወጣ ይመዘገባል፤ ባለፈው ዓመት ስንት እንደገደለም ይጠየቃል። ይህ መልስ ተደምሮ የዓመቱ ቁጥር የሚሆን ሊመስል ይችላል። አይደለም፤ የሚያገለግለው አዳኞቹን ብዙ የሚገድሉ፣ ጥቂት የሚገድሉ፣ ምንም የማይገድሉ ብሎ ለመመደብ ነው። የወቅቱን አደን ቀን በቀን የሚመዘግቡት ከየምድቡ ዕጣ የወጣላቸው ናቸው። ሌሎች ደግሞ ከገደሉት ከእያንዳንዱ ዳክዬ አንድ ክንፍ ቆርጠው በፖስታ ይልካሉ፤ ባለሙያዎች ክንፉን አይተው ዝርያውን፣ ጾታውንና የዘንድሮ ጫጩት መሆን አለመሆኑን ይለያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በመራቢያው ወቅት ከአውሮፕላን የሚደረገው ቆጠራና የእግር ቀለበት መረጃም (ወፉ ተይዞ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ታስሮለት ሲለቀቅ የሚገኘው) አለ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ የአደኑ ወቅት ውሳኔ ቀድመው ከተዘጋጁ አማራጮች አንዱን መምረጥ ሆኗል። በሚሲሲፒ የፍልሰት መስመር ጥብቁ አማራጭ 30 ቀንና በቀን 3 ዳክዬ፣ መካከለኛው 45 ቀንና 6፣ ሰፊው 60 ቀንና 6 ዳክዬ ነው።

ከዚህ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ምደባው ነው። ሚዛን ከመግዛት በፊት በየማራገፊያው ያለውን ሁሉ የደንገል ታንኳ፣ የእንጨት ጀልባና ባለሞተር ብዬ ለየሁ፤ በባለቤቱ ስም ፋንታ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ሰጠሁ። ምደባው ከተዘለለ የሚመጣውን በምሳሌ ላሳይ። በአንድ ቀን 20 ታንኳና 4 ባለሞተር ወጡ እንበል፤ ታንኳው በአማካይ 8 ኪሎ፣ ባለሞተሩ 60 ኪሎ ይዞ ይመለሳል። የቀኑ ምርት 160 ሲደመር 240፣ ማለትም 400 ኪሎ ነው። መዝጋቢው ከየዓይነቱ 4 ጀልባ መዝኖ ሁሉንም አንድ ላይ ካደባለቀ ግን አማካዩ 34 ኪሎ ይሆንና በ24 ጀልባ ሲባዛ 816 ኪሎ ይወጣል። ከእጥፍ በላይ ነው። ባለሞተሩ ብዙ ጭኖ በግልጽ ቦታ ስለሚያራግፍ መዝጋቢው ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ባለታንኳው ደንገሉ ጥግ ተጠግቶ ለደንበኛው ሸጦ ይሄዳል።

ሌላው፣ የተመዘገበ ጀልባ ሁሉ እንደወጣ መቁጠር ነው። 40 ጀልባ ተመዝግቦ በቀን 24ቱ ብቻ የሚወጡበት ማራገፊያ ላይ፣ በወር 25 የሥራ ቀንና በጀልባ 18 ኪሎ ቢታሰብ ትክክለኛው ምርት 10,800 ኪሎ ነው፤ በመዝገቡ ቁጥር ከተሰላ 18,000 ይሆናል። ስለዚህ ከሚዛኑ የተለየ የጀልባ ቆጠራ ያስፈልጋል። ጎሕ ሲቀድ ተደርሶ ዳር የታሰሩት ይቆጠራሉ፤ ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ለማድረቅ የቆሙትም አብረው። እነዚህ ከተመዘገቡት ላይ ሲቀነሱ የወጡት ይታወቃሉ። የናሙና ቀኖቹን በዕጣ ነው የምመርጠው፤ ጾሙን ለብቻ፣ ፍስኩን ለብቻ፣ የገበያ ቀኑን ለብቻ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ መረቡም ይበዛል፤ በበዓል ደግሞ ብዙው አይወጣም። ሰኞና ሐሙስ ብቻ እየሄዱ የዓመት ቁጥር ማውጣት አይቻልም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ 50 ኪሎ የሚችል ተንጠልጣይ ሚዛን፣ 5 ኪሎ የሚችል ዲጂታል ሚዛን፣ የ60 ሳንቲ ሜትር መለኪያ ሰሌዳ፣ እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል። ሰሌዳውን ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል፤ ጣውላ ላይ ማስመሪያ ይመታል፣ በዜሮው በኩል የዓሣው አፍ የሚገጥምበት እንጨት ይቆማል። ነጭ ዓሣን የምለካው እስከ ጅራቱ ሹካ መሐል ነው፤ ጫፉ መረብ ላይ ይቀደዳልና። ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ (ካትፊሽ) ሹካ ስለሌላቸው እስከ ጫፍ ይለካሉ። የትኛው እንደተለካ ቅጹ ላይ ካልተጻፈ ሁለት መዝጋቢ ሁለት ዓይነት ርዝመት ያመጣል። ሚዛኑ ጠዋት ጠዋት በውሃ ይፈተሻል፦ ባዶ ጀሪካን ይመዘናል፣ በትክክል 10 ሊትር ይጨመርበታል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ልዩነቱ 10 ኪሎ ካልሆነ ሞላው ላልቷል። እርጥብ ማዳበሪያ ከረጢትም ክብደት ስላለው ይቀነሳል፤ 6 ኪሎ ይዞ በመጣ ታንኳ ላይ ይህ ትንሽ አይደለም።

ርዝመት የሚለካው ዓሣ በእጅ ተመርጦ አይወጣም። እጅ ሳያውቀው ትልቁን ያነሳል፣ ሻጩም ትልቁን ላይ ላዩን ያደርጋል። አንድ ሳፋ ይመረጥና ውስጡ ያለው ሁሉ ይለካል። ፊሌቶ ወጥቶ ለመጣ ዓሣ ደግሞ ማባዣ መሥራት ግድ ነው። ከየዝርያው 30 ዓሣ በሙሉው ይመዘናል፤ ከዚያ የዘወትር ፊሌቶ አውጪው በራሱ ቢላ እንደለመደው ካወጣ በኋላ ፊሌቶው ይመዘናል። የቆሮሶ ፊሌቶ ከሙሉው ክብደት ሲሶ ገደማ ስለሆነ 10 ኪሎ ፊሌቶ 30 ኪሎ ያህል ዓሣ ነው። ይህ ሳይባዛ ከታለፈ ዓሣውን ፊሌቶ አድርገው የሚያመጡ፣ ርቀው የሚሠሩ ማራገፊያዎች ዓሣ ያጡ ይመስላሉ።

አሜሪካ ውስጥ የተጠየቀ አዳኝ ቁጥሩን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ኩራት አለ፣ ወቅቱ ሁሉ አንድ ላይ ሲታወስም ጥሩው ቀን ይጎላል። የእኛ አስጋሪ የሚያዘነብለው ወደ ታች ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ግብር አስከፋይ ወይም መረብ ነጣቂ ይመስለዋል። ስለዚህ የእነሱን፣ ቁጥሩን ወደ ታች የሚያወርድ ማስተካከያ ቀድቶ ማምጣት ስሕተቱን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ሊመዘን የሚችለውን አለመጠየቅ፣ ከተቆጣጣሪ ጋር በአንድ ጀልባ አለመምጣትና ስም አለመጻፍ ነው። የግድ ሲጠየቅም ስለ ትናንት ብቻ ይጠየቃል። «በሳምንት ስንት ኪሎ ታገኛለህ?» ግምት ያመጣል። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ መረብ ጥለው ነበር ወይ? ስንት መረብ? የት ላይ?» መልስ ያመጣል። ባዶውን የተመለሰ ጀልባ ዜሮ ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ዜሮዎች ከተዘለሉ አማካዩ ያብጣል። ቅጾቹን ስገመግም መጀመሪያ የማየው 5፣ 10፣ 20 የሚሉ ድፍን ቁጥሮች መብዛታቸውን ነው፤ ከበዙ መዝጋቢው ጠይቋል እንጂ አልመዘነም።

ኪሎ ብቻውን ስለ ሐይቁ አይናገርም። ስንት ሜትር መረብ ስንት ሌሊት እንዳደረ ሲታወቅ ነው «በ100 ሜትር መረብ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ኪሎ» የሚል ከወር ወር የሚነጻጸር ቁጥር የሚወጣው። ሁለት ሌሊት ያደረ መረብ እጥፍ አያመጣም፤ ስለሚሞላና ዓሣው ስለሚበላሽ ለብቻው ይመዘገባል። እምቦጭ የተጠመጠመበት መረብም ምልክት ይደረግበታል፤ ምርቱ የቀነሰው ዓሣው ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። የመረቡን ዓይን በቃል አልቀበልም። አንዱ አስጋሪ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለውን አንዱን ጎን፣ ሌላው ተወጥሮ ሲዘረጋ ያለውን ስለሚናገር ያው መረብ 5ም 10ም ሳንቲ ሜትር ይባላል። 10 ዓይን በእርጥቡ ተወጥሮ ይለካና ለ10 ይካፈላል።

ክንፉ ለአሜሪካኖቹ የሚሰጠውን መረጃ እኛ ጋ የሚሰጠው የሴቷ ዓሣ እንቁላል ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይን ወደ መሳሰሉ ገባሮች ይወጣሉ። ስለዚህ ፊሌቶ አውጪዎቹ የሆድ ዕቃውን ወዲያው እንዳይጥሉት፣ ከየዓሣው አጠገብ እንዲያስቀምጡት መስማማት ያስፈልጋል፤ ሥራቸውን ስለሚያዘገይ የድካማቸው ሊከፈል ይገባል። ደረጃው አራት ይበቃል፦ እንቁላል የማይታይባት፣ መቋጠር የጀመረች፣ የሞላች፣ ሆዷ በቀስታ ሲጫን እንቁላሏ የሚፈስ። በወር ከየቦታው ከ30 ያላነሱ ሴቶች ካልታዩ መቶኛ ማውጣት አይገባም።

ታዳጊዎቹን በተመለከተ ከማራገፊያው ብዙ አይጠበቅም። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ትንንሾቹን ስለሚያሳልፍ መጥፋታቸው ሚዛን ላይ አይታይም። አሜሪካኖቹም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ጫጩት ከአዋቂው ይልቅ በቀላሉ ስለሚመታ የክንፎቹን ንጽጽር በእግር ቀለበት መረጃ ያስተካክሉታል። እኛ ጋ ጠባብ ዓይን ባለው የምርምር መረብ ለብቻው መሞከር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የነጭ ዓሣው ክምችት በ75 በመቶ ገደማ መውረዱ፣ የታዳጊዎቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉ የታወቀው በዚህ ዓይነት ናሙና ነው። ከአዋቂዎቹ ይልቅ ታዳጊዎቹ ሲብሱ ችግሩ አዲሱ ትውልድ አሮጌውን መተካቱ ላይ ነው፤ ጣትም የሚጠቁመው በመራቢያ ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ወደሚጣለው መረብ ነው።

ሰንጠረዡን ለውሳኔ ሳቀርብ በጣም የምጠነቀቀው ለነሐሴ ቁጥር ነው። ወንዝ አፍ ላይ በ100 ሜትር መረብ የሚገኘው ኪሎ ይዘላል፤ «ይኸው ሞልቷል» ለማለት የሚያመች ቁጥር ነው። ዓሣው ግን አልበዛም፤ ከሐይቁ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ከጎኑ የሞሉ ሴቶች መቶኛ ከሌለ ያ ቁጥር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ዳክዬም ላይ ያው ነው፤ 60 ቀን በተፈቀደበት ዓመት ብዙ መገደሉ ወፉ ስለመብዛቱ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ለየወሩና ለየቦታው ኪሎው፣ የመረቡ ልክና የሞሉ ሴቶች መቶኛ በአንድ መስመር ይቀመጣሉ፤ ተለያይተው አይቀርቡም።

የቀን ገደብን በኪሎ ማውጣት ለጣና አይሆንም እላለሁ። ዳክዬ አዳኝ ከመተኮሱ በፊት የመለየት ዕድል አለው፤ መረብ ግን መጀመሪያ ይገድላል፣ አስጋሪው በኋላ ነው የሚያየው። በኪሎ ቢወሰን ትርፉ ሞቶ ሐይቁ ላይ ይጣላል፣ ቆጠራው ውስጥም አይገባም። የሚሠራው የመረብ ብዛትና የዓይን ስፋት ገደብ፣ እንዲሁም ሴቶቹ በሞሉበት ወር የወንዝ አፉን መዝጋት ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማዕቀፉን ሰጥቷል፤ ወሩንና ቦታውን ለመቁረጥ የሚጎድለው ይህ ዓይነቱ ሰንጠረዥ ነው። ሐይቁን በሙሉ መዝጋት ቆሮሶ ብቻ የሚያጠምደውን ባለታንኳ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል፤ የሚቀጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቆጠራ እውነቱን አይናገርም።

ውጤቱ ወር ሳያልፍ ወደ ማራገፊያው ይመለሳል። አንድ ትልቅ ወረቀት ሚዛኑ በሚሰቀልበት ቦታ ይለጠፋል፤ ላዩ ላይ የሚጻፈው በ100 ሜትር መረብ የተገኘው ኪሎና ከ10 ሴት ዓሣ ስንቷ እንቁላል እንደያዘች ብቻ ነው። የአንድ ጀልባ ምርት ለብቻው አይለጠፍም፤ ቁጥሩ ብቻ ቢጻፍ እንኳ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።