ሥጋ የሌለበት የሥጋ ቁርባን

እንግሊዝኛን የተማርኩት ከአባቴ ሁለት መጽሐፍ ቅዱሶች ነው። አንዱ አማርኛው ነው። ሌላው ሽፋኑ የተገነጠለ የኪንግ ጄምስ ትርጉም፣ ያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው። ማታ ማታ አባቴ አማርኛውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ እንግሊዝኛውን በጣቴ እከተላለሁ።

አንድ ምሽት ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ ደረስን። አባቴ "የእህል ቁርባን" ብሎ አነበበ። የኔው ግን "ሚት ኦፈሪንግ" ይላል። ሚት ሥጋ እንደሆነ ትምህርት ቤት ተነግሮኛል። ዝቅ ብዬ ሳይ ዱቄት፣ ዘይት፣ ዕጣን። ሥጋ የሚባል ነገር የለም።

"አባዬ፣ ፈረንጆቹ ተሳስተዋል" አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና "ዕድሜህ ስንት ነው?" አለኝ። በቃ፣ ንባቡን ቀጠለ።

ፈረንጆቹ አልተሳሳቱም ነበር። ሚት በድሮው እንግሊዝኛ ማንኛውም የሚበላ ነገር ነው። ዳቦውም፣ ጎመኑም፣ ፍሬውም ሚት ነው። ለሥጋ ሌላ ቃል ነበራቸው፤ ዛሬ ፍሌሽ የሚሉት። ኋላ ላይ ሚት እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ሥጋ ላይ ቆመ። ከረሜላና ጣፋጭ እስካሁን ስዊትሚት የሚባለው ከዚያ ዘመን ተርፎ ነው።

የኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው የሄደው። እህል ማለት ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱ ነው። ግን "ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም" የሚል ሰው ጥሬ ስንዴ አምጡልኝ ማለቱ አይደለም። ክትፎ ብታቀርብለትም እህል ቀመሰ ነው የሚባለው። የነሱ ቃል ከምግብ ወደ ሥጋ ጠበበ፣ የኛ ከጥሬው ወደ ምግብ ሁሉ ሰፋ። (ይህን ሁሉ እያወቅኩ ባለፈው ዓመት በጥድፊያ "ሚት ኤንድ ድሪንክ" የሚለውን "ሥጋና መጠጥ" ብዬ ተርጉሜ ሰጠሁ። አሠሪዬ አላየውም። እኔ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።)

ስታርቭም እንዲሁ ነው። ድሮ መሞት ማለት ነበር፤ በምንም ይሁን በምን፣ ዝም ብሎ መሞት። ኋላ ጠቦ በረሃብ መሞት ላይ ቆመ። ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወርውራ "አይ አም ስታርቪንግ!" ትላለች። በአማርኛም "በረሃብ ሞትኩ" ነው የምትለው፣ ስለዚህ አልከራከራትም።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሎርድ ነው። የአንድ የድሮ ዘመን ድራማ የጽሑፍ ትርጉም እየሠራሁ ነበር። በየመስመሩ "ማይ ሎርድ"፣ "ማይ ሌዲ"። ጌታዬ፣ እመቤቴ፣ ጌታዬ፣ እመቤቴ... ሲሰለቸኝ ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ ብዬ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።

ሎርድ መነሻው ሁለት ቃል ነው፦ ህላፍ እና ዌአርድ። ህላፍ ዳቦ ነው፣ የዛሬው ሎፍ። ዌአርድ ጠባቂ። ያ ሁሉ ካባና ፈረስ፣ ያ ሁሉ ሽለላ ሲገለጥ ዳቦ ጠባቂ! ሌዲ ደግሞ ህላፍዲዬ ነበረች፤ ዳቦ አቡኪ። የኋለኛው ቁራጭ ዛሬ ሊጥን ዶው ከሚሉበት ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ሦስተኛም አለ፣ እሱ ግን በመንገድ ጠፍቷል። ህላፍኤታ፣ ዳቦ በሊታ። የሰው ቤት እየበላ የሚያድር ሎሌ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ600 ገደማ በእንግሊዝ ምድር የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ያወጣው ሕግ ውስጥ አለ፤ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ሕጎች እስከ ዛሬ የተረፈው የመጀመሪያው እሱ ነው። የአንድን ባላገር ዳቦ በሊታ የገደለ 6 ሽልንግ ይክፈል ይላል።

ጠባቂ፣ አቡኪ፣ በሊታ። አንድ ሙሉ ቤት በአንድ ዳቦ ዙሪያ። "እንጀራዬ ነው" እያለ ሥራውን ለሚጠራ፣ "የእንጀራ እናት"፣ "የእንጀራ ልጅ" ለሚል ሰው ይሄ ምኑ ይገርማል? እኔን ግን ገረመኝ። ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

ባለቤቴ ቡሃቃው ላይ አጎንብሳ እርሾውን እያዋሃደች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ሎርዱንም፣ ሌዲዋንም፣ 6 ሽልንጉንም።

ቀና ሳትል ሰማችኝ። ከዚያ "አቡኪዋስ ይኸው አለች" አለች። "አንተ ግን ከሁለቱ የትኛው ነህ?"

"ጠባቂው ነኛ!"

"እንግዲያው እዚህ ቁምና ድመቷን ጠብቅልኝ፣ ክዳኑን ላምጣ።"